ሁለት ሴሚስተር ሲቀርሽ አታቋርጪ

ጥያቄ (ከረዘመ ደብዳቤ የተቀነጨበ)፦ «26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርሲንግ እየተማርኩ ነው፤ ሁለት ሴሚስተር ይቀረኛል። ማታ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ እሠራለሁ። ልቤ ያለው ግን ትወና ላይ ነው። ትምህርቱን አቋርጬ ሎስ አንጀለስ ልሄድ ወስኛለሁ ማለት ይቻላል። እናቴ ‹አሜሪካ ያመጣሁሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?› ብላ አኩርፋኛለች። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ። አንድ ኤጀንት (የተዋናዮች ወኪል) ደግሞ ለፎቶና ለምዝገባ 1,800 ዶላር ክፈዪ ብሎኛል። ለመሆኑ በ26 ዓመት መጀመር አልረፈደም? አክሰንቴስ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ተዋናይ መሆንሽን አልቃወምም። የምቃወመው ማቋረጥሽን ነው። «ሥራዬን ለቅቄ ህልሜን ተከተልኩ» የሚል ቪዲዮ በበዛ ቁጥር እንዳንቺ ያለ ደብዳቤ ይበዛልኛል። ቪዲዮው ላይ የማይታየው የዚያን ሰው የቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍል ነው። ይህ ነገር ያናድደኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ካትሪን ጁስተን ስለምትባል ተዋናይት ልንገርሽ። «ዴስፐሬት ሃውስዋይቭስ» የሚለውን የቴሌቪዥን ድራማ አይተሽ ከሆነ ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ለማንም የማትመለስ ምላሰኛ ጎረቤት፣ ሚስስ ማክላስኪ ማለት ናት። በዚህች ገጸ ባሕርይ በ2005 እና በ2008 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት፣ ኤሚን፣ ወስዳለች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ስትቀበል 65 ዓመቷ ነበር።

የቀድሞ ሙያዋ ምን ነበር? ነርስነት። ቺካጎ፣ ማይክል ሪስ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል። ከዚያ አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። በ1980 ትዳሯ ፈረሰ። በ42 ዓመቷ፣ ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ በአካባቢዋ የአማተር ቴአትር ውስጥ መተወን ጀመረች። ወደ አሥር ዓመት ገደማ እዚያው ቺካጎ አካባቢ ስትሠራ ቆየች። በ1992 ፍሎሪዳ በሚገኘው የዲዝኒ መዝናኛ እየተዘዋወረች ጎብኚ የምታጫውት ተዋናይ ሆና ተቀጠረች። ሆሊዉድ የገባችው በ1995 ነው፤ ያኔ 55 ዓመቷ ነበር። ሰው ሁሉ ያወቃት ደግሞ በ1999 በጀመረው «ዘ ዌስት ዊንግ» በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው። መጀመሪያ መድረክ ላይ ከወጣች እስከዚያ 17 ዓመት መሆኑ ነው።

የ«ዘ ዌስት ዊንግ»ን የመጀመሪያ ዓመት የገና ክፍል ፈልገሽ እዪልኝ። ጁስተን የፕሬዝዳንቱ ጸሐፊ ሚስስ ላንዲንግሃም ናት። ለአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዋ ስለ መንታ ልጆቿ ታወራዋለች። ሕክምና ይማሩ ነበር፤ ለውትድርና ተጠሩ፤ በ1970 በገና ዋዜማ ቬትናም ውስጥ ሞቱ። ይህን ስትናገር ጩኸት የለም፣ ደረት መምታት የለም። ዝግ ባለ ድምፅ ነው የምትነግረው።

ሆስፒታል የሠራ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እኔ ወደ ምክር ሙያ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ደም እቀዳ ነበር፤ ቀን እማራለሁ። ልጁ የሞተበት የአሜሪካ አባት ብዙ ጊዜ ፊልም ላይ እንደምናየው አይሆንም። መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ ሰዓቱ አልፎ ይሆን ብሎ ይጠይቅሻል። ያንን ጥያቄ በጆሮው የሰማ ተዋናይና ያልሰማ ተዋናይ አንድ አይደሉም።

አንቺም ጽፈሽልኛል። አንዲት አሮጊት በየማታው ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ ሊወስደኝ እየመጣ ነው» ትልሻለች። ቦርሳውን እንዴት እንደምትይዘው ታውቂያለሽ። ልጇ ሳይመጣ ሲቀር ፊቷ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ይህን የትኛውም የትወና ትምህርት ቤት አይሰጥሽም። አንቺ ግን ነርሲንግን «የባከነ ጊዜ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ይህ ቃል ነው በጣም ያሳዘነኝ።

አሁን «እሷስ ብትሆን ሥራ ሳይኖራት አይደል እንዴ ሎስ አንጀለስ የሄደችው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አዎ፣ የሚጠብቃት ሥራ አልነበረም። ነርስነቷም እየደጎመ ሆሊዉድ አደረሳት ብዬ አልዋሽሽም። ነገር ግን ስትሄድ የዓመታት መድረክ ከኋላዋ ነበር። ኦዲሽን (ለሚና መፈተኛ) ስትገባ ምን ማድረግ እንደምትችል ታውቃለች። ደብዳቤሽ ውስጥ የተጠቀሰው የመድረክ ልምድ የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ብቻ ነው። ይህን የምልሽ ላሳንስሽ ፈልጌ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ልምድ ለመጀመር በጣም ውድ ከተማ ስለሆነ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ በነፃ ልትሳሳቺው የምትችይውን ስህተት እዚያ ኪራይ እየከፈልሽ ትሳሳቺዋለሽ።

ገንዘቡንም ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የተዋናዮቹ ማኅበር ሳግ-አፍትራ በ2023 አድማ ሲመታ አንድ ቁጥር በሰፊው ይነሳ ነበር። የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት አንድ አባል በዓመት 26,470 ዶላር ከሙያው ማግኘት ነበረበት። አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም። እነዚህ እንግዲህ ማኅበሩ ውስጥ የገቡት ናቸው። አድማው ራሱ 118 ቀን ቆየ፤ በእነዚያ ቀናት ኪራይ አልቆመም።

ስም ካገኙ በኋላም ነገሩ ያው ነው። ጁስተን በ«ዘ ዌስት ዊንግ» ተወዳጅ ሆና ሳለ በ2001 ደራሲዎቹ ሚስስ ላንዲንግሃምን በመኪና አደጋ ገደሏት። ምንም አላጠፋችም፤ ታሪኩ እንዲያ ፈለገ። የማክላስኪን ሚና ያገኘችው በ2005 ነው። በመሃል እዚህም እዚያም ትንንሽ ሚና እየሠራች ነው የቆየችው። ከዚያ በኋላ ግን በ2012 በሳንባ ካንሰር እስካረፈችበት ድረስ ከሥራው አልተለየችም።

እንግዲህ የነርስን ሥራ ከዚህ ጋር አስተያዪው። በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ከሠራሽ አራት ቀን የራስሽ ነው። ልምድ ስታገኚ ደግሞ ፐርዲየም (በመረጥሽው ቀን ብቻ የሚሠራበት ቅጥር) ገብተሽ ኦዲሽን ያለበትን ሳምንት ባዶ ታደርጊዋለሽ። አስተናጋጅ ሆኖ የሚለፋ ስንት ተዋናይ ይህን ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። ሁለት ሴሚስተር ሲቀረው እንዲህ ያለ ነገር የሚጥል ሰው አላማክርም፤ እለምነዋለሁ እንጂ። እባክሽ ጨርሺው።

እስከዚያው ትወናውንም አታቁሚ። እዚያው ሰፈርሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ስቴጅ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ ቴአትር አለ። ኦዲሽን ሲወጣ ግቢ። ሚና ባይሰጡሽ መብራት ያዢ፣ ልብስ አዘጋጂ፣ ልምምዱን ከጥግ ሆነሽ እዪ። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ እንደ አሬና ስቴጅና ስቱዲዮ ቴአትር ያሉ ትልልቅ ቤቶች አሉ፤ ትኬት ቆርጠሽ ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩ ተመልከቺ። ፈተናና ልምምድ እንዳይጋጩብሽ በአንድ ሴሚስተር ከአንድ ቴአትር በላይ አትያዢ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። መጀመሪያ ላይሰንሱን፣ ማለትም የነርስነት የሥራ ፈቃዱን፣ ያዢ ማለታቸው ትክክል ነው። «ከዚያ በኋላ ትወና የሚባል እንዳልሰማ» ማለታቸው ግን ትክክል አይደለም፤ ይህንንም በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት ንገሪያቸው። አዝማሪነትን ስድብ ማድረግም ይብቃን። ስንት ዘመን ሠርጋችንንና ሐዘናችንን ሲያደምቅ የኖረ ሙያ ነው። ቴአትርም ቢሆን አገራችን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እናትሽ አሜሪካ ያመጡሽ እንዳትራቢ ከሆነ ላይሰንሱ ያንን ስጋት ይዘጋዋል። የቀረው ሕይወት ያንቺ ነው።

ወንድምሽ 24 ዓመቱ ነው፤ ተመርቋል፤ ሥራ ግን «የሚመጥነውን እየጠበቀ ነው» ብለሽኛል። አንቺ ሌሊት አሮጊት እያገላበጥሽ እሱ የሚመጥነውን ይጠብቃል? ከሚቀጥለው ወር 100 ዶላር አድርጊው፤ ስትመረቂ አቁሚው። ለእናት መድኃኒት መላክና ለጤነኛ ጎልማሳ የኪስ ገንዘብ መላክ ይለያያሉ። ዘመድ ያወራል፤ ያውራ። የሚተርፈውን 200 ዶላር በስምሽ አስቀምጪው፤ ሎስ አንጀለስ ስትሄጂ የመጀመሪያው ወር ኪራይ እሱ ነው።

ለዚያ ኤጀንት ነኝ ባይ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ትክክለኛ ኤጀንት የሚያገኘው አንቺ ሠርተሽ ከተከፈለሽ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ። ቀድመሽ ክፈዪ ካለ ስልኩን ዝጊበት።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ጁስተን በ42 ዓመቷ እንደጀመረች አይተሻል። አክሰንትሽን ደግሞ ለማጥፋት አትልፊ፤ ቃሉን ጥርት አድርጎ መናገር ላይ ብቻ ሥሪ።

ተመርቀሽ፣ ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) አልፈሽ፣ አንድ ዓመት ከሠራሽ በኋላ ልብሽ አሁንም ሎስ አንጀለስ ከሆነ፣ ሂጂ። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ እወቂ። ሜሪላንድ የሚሰጠው የጋራ ላይሰንስ በስቴቶች መካከል ባለ ስምምነት ብዙ ስቴቶች ላይ ይሠራል፤ ካሊፎርኒያ ግን የስምምነቱ አባል አይደለችም። ለብቻው ታመለክቻለሽ፤ ክፍያም የጣት አሻራም አለው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመሄድሽ ከወራት በፊት አስገቢ። ያኔ ሁለት ሲቪ ያስፈልግሻል፣ አንዱ ለሆስፒታል፣ አንዱ ለኦዲሽን። ሁለቱንም ላኪልኝና አብረን እናያቸዋለን።