አንቱታው የት ገባ?

ውጭ አገር በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዲት የሥራ ባልደረባዬን «ጊቭ ሚ ዘ ኪ» አልኳት። ቁልፉን ሰጠችኝ። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ዘጋችኝ። ማታ አለቃችን ጠርቶ «ሰው ታዛለህ እየተባለ ነው» አለኝ። ክው አልኩ። እኔ በልቤ ያልኩት «እስቲ ቁልፉን ስጪኝ» ነበር። «እስቲ» ግን ከልቤ አልወጣችም።

አዲስ ለመጣችሁም ለቆያችሁም ይህን ማንሳት የፈለግኩት፣ ብዙ ደጋግ ልጆቻችን በዚህ ምክንያት «ቁጡ» ወይም «ትዕቢተኛ» ሲባሉ ስላየሁ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? እዚህ ፍርዱ ፈጣን ነው።

በአማርኛ አክብሮታችን ያለው ግሡ ውስጥ ነው። «ና»፣ «ነይ»፣ «ይምጡ»። አንድ ሰው «ይቀመጡ» ሲባል ትእዛዝ ቢሆንም አክብሮቱ አብሮት አለ፤ ሌላ ማለስለሻ አያስፈልግም። በሙያው የተከበረን ሰው «አንቱ የተባለ ባለሙያ» የምንለው እኮ ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ነው። ድሮ «ዛው» የሚል እንደ «አንተ» ያለ ቃል ነበረው፤ «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰውና ለአክብሮት ነበር። «ዛው» ከተለመደው ንግግር ሲወጣ «ዩ» ብቻውን ቀረ። አሁን አክብሮቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ኩድ ዩ» (ትችላለህ ወይ)፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» (ቅር ይልሃል ወይ) የሚሉት ዝም ብሎ ማስረዘሚያ አይደሉም። አንቱታው እዚያ ነው ያለው። ትእዛዝ ላይ «ፕሊስ» መጨመር ብቻ አይበቃም። «ሲት ዳውን ፕሊስ» ያው ትእዛዝ ነው። ወደ ጥያቄ ቀይሩት።

ይህ በተቃራኒውም ይሠራል። አለቃችሁ «ይህን ዛሬ ብትጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር» የሚል ዓይነት እንግሊዝኛ ከተናገረ፣ እንደ ምርጫ አትውሰዱት። ጨርስ ማለቱ ነው። «ዩ ማይት ዋንት ቱ» (እንዲህ ብታደርግ ይሻል ይሆናል) ብሎ የሚጀምር ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ጀርመን ያላችሁ በዚህ በኩል ይቀላችኋል። «እነሱ ይመጣሉ» እና «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሡ አንድ ነው አይደል? የጀርመንኛው «ዚ»ም ልክ እንዲሁ ነው፤ የብዙዎች ግሥ ለአክብሮት ይውላል። ስዊድን ያላችሁ ግን አንቱታውን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ1967 የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» (አንተ፣ አንቺ) ብለው እንደሚጠሩ አሳወቁ፤ ልማዱም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። እዚያ አንቱታ ማብዛት መራቅ ሊመስል ይችላል።

«እሺ»ም ነገር አላት። እኛ «እሺ» የምንለው ብዙ ጊዜ «ሰማሁ» ለማለት ነው። «ኦኬ» ብለን ስንተረጉማት ግን የሰማው ሰው ተስማምተናል ብሎ ይሄዳል። በቀጠሮውም በሥራውም ቀን ካልተገኘን ቃል አባይ ሆንን ማለት ነው። ሰምታችሁ ገና ካልወሰናችሁ «ሰምቻለሁ፣ ነገ እነግርሃለሁ» በሉ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት ነገርም ለማያውቃት ሰው ድንጋጤ ትመስላለች። ሰሜን ስዊድን ላላችሁ ግን ችግር የለም፤ እዚያም እንደኛው በትንፋሽ «አዎ» ይላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። ልጄ አባቴን በስልክ «አንተ» ብሎ ጠራቸው። አባቴ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸውን ግን ሰማሁት። ልጁን ልቆጣ ስል አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ እሱን «ና»፣ «ብላ» እንለዋለን። እኔና ባለቤቴ አንተ አንቺ ነን። ቤታችን ውስጥ «ይምጡ» የሚባል ሰው የለም። ልጁ ከየት ይማረው? ከዚያ ወዲህ ለአባቴ ስደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደርጋለሁ። «እንዴት አደሩ? ምን ይላሉ?» ስል ልጁ አጠገቤ ሆኖ ይሰማል። በመቆጣት አላስተማርኩትም። አሁን እየተደናቀፈም ቢሆን «ደህና ነዎት?» ይላል። ደግሞ እናቴን «አንቺ» ስለምላት እሱም ተከትሎ «አንቺ» ይላታል፤ ያ ቅርበት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ።

እኛ ትልልቆቹም ቤተሰብ ስናናግር መጠንቀቅ ያለብን አለ። እናት የማታውቀውን እንግሊዝኛ በየመሀሉ ስንሰካ ከወሬው እናስወጣታለን። «ገባህ?» እያሉ ታናሽ ወንድምን መጠየቅም እንደ ተማሪ ያስቆጥረዋል፤ «በደንብ ነገርኩህ?» ማለት ይሻላል። እኔን የጎዳችኝ ግን ከዚህም ያነሰች ቃል ነች። አንድ ቀን እናቴን «አገራችሁ እንዴት ነው?» አልኳት። ትንሽ ቆየችና «የኛ ብቻ ሆነ እንዴ?» አለችኝ። አሁን ስደውል «ሰፈራችን እንዴት ነው?» እላታለሁ። ያኔ ወሬዋ አያልቅም።