በጾም መካከል የመጣ ኬክ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጥቅምት ላይ ሕንዱ አለቃችን «የመብራት በዓላችን ነው» ብሎ ጣፋጭ አደለን፤ በላሁ። ታኅሣሥ 16 ደግሞ ሌሎቹ የውጭ ሰዎች ዛፍ አብርተው ኬክ ቆረሱ። ጾም ላይ ስለነበርኩ በሶፍት ጠቅልዬ ደበቅኩትና ለሙስሊም ጎረቤቴ ልጆች ወሰድኩላቸው። «እንኳን አደረሳችሁ» ግን ብያለሁ። በደልኩ ይሆን? ዛፉንስ ቤቴ ባቆም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከኬኩ ልጀምር። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ 28። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል ጾሙ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ኬክ ቅቤም እንቁላልም አለበት። አለመብላትሽ ደግ አደረግሽ። ለልጆቹ መስጠትሽም ምንም አይደል። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት፤ እናቴ ለገና ስታርድ ለሙስሊም ጎረቤታችን ዶሮ ከነነፍሱ ትልክላት ነበር፣ በራሳቸው ሰው እንዲያሳርዱት። እሷም በዒድ እንዲሁ። ቡናው ላይ ግን አንድ ረከቦት ነበር የምንከበው።

እኔን ቅር ያለኝ ሶፍቱ ነው። ለምን ትደብቂዋለሽ? «ጾም ላይ ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብትዪ ማን ይቀየምሻል?

«እንኳን አደረሳችሁ» ማለትሽ አያስጨንቅሽ። ያከበሩት የዚያኑ የጌታን ልደት ነው፤ የተለያየው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ሩሲያውያንና ሰርቦችም ፈረንጅ ጃንዋሪ 7 በሚለው ቀን፣ ማለትም በእኛው የገና ዕለት ያከብራሉ።

የጥቅምቱ ጣፋጭ ዲዋሊ ለሚሉት የሂንዱዎች በዓል ነው። እዚህ ጋ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ የማያምን ሰው ጠርቷችሁ ያቀረበላችሁን ሳትመራመሩ ብሉ ይላል፤ «ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ ሰው ከነገራችሁ ግን አትብሉ። አንቺ ሳታውቂ በላሽ፤ አለፈ። ወደፊት በምስል ፊት የቀረበ መሆኑን ከነገሩሽ አመስግነሽ ተዪው። ከዚህ በላይ ሆድሽን ከበላው ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ይህን ሰሞን መብራት የሚያበዛው ብዙ ሕዝብ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ታኅሣሥ ላይ ቀኑ እጅግ ያጥራል፣ ጨለማው ይረዝማል። ስዊድኖች ዲሴምበር 13 የቅድስት ሉቺያን በዓል በሻማ ያከብራሉ። አይሁድ መቅደሳቸው የታደሰበትን ቀን እያሰቡ ስምንት ሌሊት ያበራሉ። ጌታም በዚያ በዓል ሰሞን በመቅደስ ይመላለስ እንደነበር ዮሐንስ 10፥22 ላይ ታገኚዋለሽ። «ክረምትም ነበረ» ይላል። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ሐምሌ ይመጣበታል። የእነሱ ክረምት ግን እኛ ጤፍ ስንወቃና የጦሳ ተራራ ብርድ ደሴን ሲያንዘፈዝፋት ነው።

ዛፍ ማቆም የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አይደለም። ከጀርመን የተስፋፋ የቤት ጌጥ ነው፤ በዚያ ብርድ ቅጠሉ ስለማይረግፍ ወደዱት። ለጌጥ ብለሽ ብታቆሚው አልቆጣሽም። ከጦሳ ጥድ ቆርጠሽ ካመጣሽ ግን እቆጣለሁ፤ ያን ተራራ ለማልበስ ስንት ተለፍቷል!

ለከርሞው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ኬክ 13 ቀን አይቆይም። ደረቅ ብስኩት ከሰጡሽ ግን አስቀምጪው፤ የገና ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ለቡና ቁርስ ይሆንሻል።