አባትህ «ጋራዥ» ያሉትን ሥራ እኔ እንዴት እንደማየው

ከኮቨንትሪ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 19 ዓመትህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤታችሁ ጡረተኛ ሽማግሌ ጋር አንዲት እ.ኤ.አ. የ1967 ሎተስ ኢላን ፈታታችሁ እንደገና ገጥማችኋል። መኪናዋ ተነሥታለች። ስትመዝናት ግን 731 ኪሎ ሆነችብህ፤ በወረቀት ወደ 690 ነበረች። ሽማግሌው «ሞተሩን እናጠንክረው» ይላሉ። አንተ ክብደት እንቀንስ ትላለህ። አባትህ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያህን ይዘው፣ «እጅህን ግሪስ ስትቀባ እንድትኖር ነው እዚህ ያሳደግኩህ? ጋራዥ ነው የሚያምርህ?» ብለውሃል። አንተም ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ የአሮጌ መኪና እድሳት ስልጠና ልያዝ ብለህ ጠይቀኸኛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሙያውን ይገድለዋል ብለህ ሰግተሃል። አትስጋ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ክብደት መቀነስ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ይፈለጋል።

አሁን ወደ አባትህ ቃል ልምጣ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውም፣ ሸማ የሚሠራውም እንዲከበር ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ግን ስድቡን ሻንጣችን ውስጥ ከትተን ባሕር ተሻገርን። ድሮ «ቀጥቃጭ» ይባል የነበረውን ዛሬ «ጋራዥ» እንለዋለን። አባትህ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱት አንተ እንድትቀመጥ ነው። ግን ተሳስተዋል፤ ተሳስተዋል ማለቴን አልደብቅም።

እስቲ የመኪናዋን አባት ተመልከት። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የስትራክቸር ምሕንድስና ተምሯል። ቀን የአንድ አሉሚኒየም ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ጋራዥ ይገባ ነበር። የመጀመሪያ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን ነው፤ ቦታው የእጮኛው ወላጆች ቤት ጀርባ ያለች ጋራዥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣችው ኢላን የዚህ ሰው ኩባንያ ሥራ ናት። መሐል ለመሐል የጀርባ አጥንት የመሰለ የላሜራ ሻንሲ፣ በላዩ የፋይበር ግላስ አካል፣ 1,558 ሲሲ ሞተር፣ ወደ 105 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ይህ ጉልበት ተራ የቤት መኪና ላይ አለ። ኢላንን ኢላን ያደረጋት ቀላልነቷ ነው። ግሪስ የነካው እጅና ስሌት የሠራው ጭንቅላት የአንድ ሰው ነበሩ።

አንተም ጋ ሁለቱ አሉ። ይህን ያወቅሁት ፎቶ አንሥተህ ከላክህልኝ የደብተርህ ገጽ ነው። «ኮፈን፦ ሲወጣ 9.2፣ ሲመለስ 11.6» ይላል። ከጎኑ ምክንያቱን ጽፈሃል፦ አሮጌው ቀለም ሳይነሣ አዲስ ተቀባበት፤ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ፋይበሩ በሬዚን (በማጠንከሪያው ሙጫ) ብዛት ተደፈነ፤ ከዚያ ስቱኮ። በሮቹም እንዲሁ። ወለሉ ላይ ድምፅ መከላከያ ምንጣፍ ተነጠፈ። ቸርኬዎቹ በሰፋፊ ተቀየሩ። የጨመረው 41 ኪሎ አንድ ቦታ የለም። በየቦታው በግራምና በኪሎ ተበታትኖ ገብቷል። ይህን ማንም አላስተማረህም። ዕቃ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ብዙ ነው። ሲፈታም ሲገጥምም መዝኖ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ከሽማግሌው ጋር ባላችሁ ክርክር ትክክሉ አንተ ነህ። 105 ጉልበት ለ690 ኪሎ ማለት ለአንድ ቶን 152 ነው። በ731 ኪሎ ወደ 144 ይወርዳል። ይህን በሞተር ለመመለስ 6 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል፤ ሽማግሌው የሚያዩት ይህንን ነው። ያ ጉልበት ግን የሚረዳው ስትፈጥን ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዝና ስትታጠፍ 41ዱ ኪሎ አሁንም አብሮህ አለ። አባትህን ጠይቃቸው፤ አራት ሰው ጭነው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረግጡ መኪናው ምን እንደሚል ያውቃሉ። ለመቀነስ ከቸርኬዎቹ ጀምር። እነሱ ይሽከረከራሉ፣ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታችም ናቸው። እዚያ የምትቀንሰው አንድ ኪሎ ከወንበር ከምትቀንሰው ይበልጣል። ደግሞ ስትመዝናት የነዳጅ ታንከሩ ሙሉ ነበር ወይስ ባዶ? 40 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 30 ኪሎ ነው። ደብተሩ ላይ የለም፤ ጻፈው።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲውን አሁን እንዳለ አልመክርህም። የትምህርት ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ የሦስቱ ዓመት ከ28 ሺህ ያልፋል። ይህን ሁሉ የምትበደረው አንተ ላልጠየቅከው ትምህርት ነው። አንተ የጠየቅከው የአሮጌ መኪና እድሳት ስልጠና መልካም ነው። ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ቢስተር የሚሰጥ አለ። ቢሆንም ለአንተ የምመርጠው ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ነው፤ ኩባንያ ውስጥ እየሠራህ፣ ደመወዝ እየበላህ፣ ዲግሪህን ትይዛለህ፤ የትምህርቱን ክፍያ አንተ አትከፍልም። ደብተርህ «ለምን ከበደች» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደብተር ነው፤ የዚያ መልስ ደግሞ ስሌት ይፈልጋል። የኮቨንትሪ ልጅ ነህ፤ ጃጓር ላንድ ሮቨር ደጅህ ላይ ነው። ፉክክሩ ከባድ ስለሆነ አንድ ቦታ ብቻ አታመልክት። ማመልከቻህ ላይ ያንን ገጽ አስገባ፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብለህ አትፈር። እኔ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እየጠገንኩ ማታ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ድካሙን አውቀዋለሁ፤ ቀን በእጄ የነካሁትን ማታ በሰሌዳ ላይ ሳየው የነበረኝን ደስታም አልረሳውም።

ገንዘቡ መጀመሪያ ትንሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአንደኛ ዓመት ተለማማጅ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ለአያትህ መድኃኒት የምትልከው አይቋረጥ። ለአክስትህ ልጅ ሰርግ የተጠየቅከው 800 ፓውንድ ግን የአንተ ዕዳ አይደለም። ያንን ብር ያልያዘ ልጅ «የለኝም» ቢል ነውር የለበትም። ይህን መልስ ለአባትህ አንብብላቸው፤ በእኔ ይቆጡ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። ከአንድ መካኒክ የተዋስካቸውን አራቱን ሚዛኖች በሚቀጥለው ቅዳሜ በየጎማው ሥር አስቀምጥ። ሚዛኑ ልክ እንዲሆን አንተ መሪው ጋ መቀመጥ አለብህ። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያነብልህ ሌላ ሰው ያስፈልግሃል። አባትህን ጥራቸው። ደብተሩንና እስክሪብቶውን በእጃቸው ስጣቸው።