ዶርም ውስጥ እባብ አይገባም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የእንቁራሪት፣ የእስስትና የእባብ ክበብ ልናቋቁም አስበናል። ግቢው ውስጥ ግን «እባብ ጎታቾች» እያሉ ይስቁብናል። አንዱ ጓደኛችን እስስትና እባብ ካርቶን ውስጥ አድርገን ዶርም ብናሳይ ሰው ይመጣል ባይ ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ካርቶኑን እርሱት። እባቡ ይቅርና እስስቷም አትከርምላችሁም። ውሃ በሳህን ብታቀርቡላት ዞር ብላ አታየውም፤ የለመደችው ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ መላስ ነው። ደግሞ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ክበቡ ሳይቋቋም ጣጣ አታምጡበት።

እኔ ብሆን በእንቁራሪት እጀምር ነበር፤ ያውም በማታ። ክረምት ነው፣ ጅማ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ዝናቡ ሲያባራ ውሃ ያቆረ ሜዳ ዳር ቁሙና ባትሪያችሁን አጥፉ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ጫጫታ ነው። ቆይቶ ጆሮ መለየት ይጀምራል። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ዝርያው ሁሉ የየራሱ ድምፅ አለው። በስልካችሁ ቅዱት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እዚያው ላይ ተናገሩ። አንዳንድ የደጋ እንቁራሪቶቻችን በመልክ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ተመራማሪም ያለ ድምፅና ያለ ዘረመል ይቸገርባቸዋል።

ከዚያ ባትሪውን አብርታችሁ ቁጥቋጦውን ቃኙ። ቀን ብትዞሩ የማታገኟት እስስት ማታ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ፣ ጅራቷን ጠቅልላ፣ ገርጥታ ትታያለች። አትንኳት፤ ፎቶ ይበቃል።

ለሚስቁባችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ በእኛ ደጋ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ የምትውጥ ፓራካሲና የምትባል እንቁራሪት አለች። ፖስተራችሁ ላይ እሷን አውጡ። እባብ ካማራችሁም፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የተገኘ እፉኝት በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። የባሌው የሐረና ጫካ ዘመዱ የተመዘገበው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ትናንት እኮ ነው!

እባብ ግን ከሩቅ ነው። ቦቲ ያላደረገ አይውጣ። ከነደፈ መብጣት የለ፣ መምጠጥ የለ፣ ማሰር የለ፤ ሰውየው በእግሩ ሳይራመድ፣ ተሸክማችሁ በቀጥታ ሆስፒታል።

ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ስትሄዱም ጭቃውን አራግፋችሁ ቦቲውን በበረኪና እጠቡ። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃው ፈንገስ በእርጥብ ጭቃ ይዛመታል፤ እኛም አገር ተገኝቷል።

አማካሪ መምህር አታጡም። እኔን የሚያሳስበኝ ጥበቃዎቹ ናቸው፤ ቀድማችሁ አናግሯቸው። ሌሊት ባትሪ ይዞ ረግረግ ላይ ያጎነበሰ ተማሪ «እንቁራሪት እያዳመጥኩ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? እንዲያውም አንዱን አብሯችሁ እንዲወጣ ጋብዙት። ማታ ማታ የትኛው ቦይ እንደሚንጫጫ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።