ለአይዲ ፎሬ የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለፈው ዓመት ከቻይና የመጣች ያገለገለች የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ ፎር ክሮዝ ገዝቻለሁ። ስክሪኗ ቻይንኛ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ ማስቀየር እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራና በማግስቱ ይጠፋል። የባትሪዋንም ጤንነት ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ልጅ ኦዲስ የሚባል የመኪና መመርመሪያ ሶፍትዌር የተጫነበት ላፕቶፕ ከነገመዱ ልሽጥልህ እያለ ይወተውተኛል፤ «ሁሉንም ይሠራል» ነው የሚለው። ጓደኛዬ ደግሞ መርካቶ በርካሽ የምትሸጠው፣ መኪናዋ ላይ ተሰክታ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ብሉቱዝ ትበቃሃለች አለኝ። ኦቢዲኢለቨን የሚባለውን መመርመሪያ ግዛ ያለኝም አለ። የቱ ይሻለኛል?
ዳ. ከሰሚት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፑን ተወው።

ኦዲስ ቮልስዋገን ለራሱ ጋራዦች ያዘጋጀው ሶፍትዌር ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ልጁ የሚሸጥልህ ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለት ያለ ፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ነው። ከ2020 እ.አ.አ. ወዲህ በወጡት፣ እንደ ጎልፍ 8 እና እንደ አይዲ ባሉት መኪኖች ላይ ኩባንያው ኤስኤፍዲ የሚባል መቆለፊያ አስገብቷል። የመኪናዋ ኮምፒውተሮች ኮድ ስለጻፍክላቸው ብቻ እሺ አይሉም። መጀመሪያ ከኩባንያው ሰርቨር በኢንተርኔት ፈቃድ መምጣት አለበት፤ የመጣውም ፈቃድ 90 ደቂቃ ሠርቶ ይዘጋል። ከኢንተርኔት ተደብቆ የሚሠራ ክራክ ይህን ፈቃድ ከየት ያመጣል? ያ ላፕቶፕ ቢበዛ የጥፋት ኮድ ያነብልሃል፤ ለንባብ ደግሞ ስልክህ ይበቃል።

እኔ ይህን ሥራ እንደ መሠረተ ትምህርት ነው የማየው፦ ማንበብ አለ፣ መጻፍ አለ። አንተ ከጠየቅከኝ ሦስት ነገር መብራቱና ባትሪው ንባብ ናቸው። ጽሕፈት የሚሆነው ቋንቋው ብቻ ነው።

ለንባቡ ካር ስካነር የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ጫንና ከመኪና ዝርዝሩ የአይዲን መርጠህ ግባ። ዝም ብለህ አጠቃላዩን ከከፈትክ ባዶ ገጽ ታያለህ፤ የሞተር ዙር፣ የነዳጅ ግፊት እያለ የሌላትን ይጠይቃታል። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት የምትሰካዋን ብሉቱዝ ግን አትሰስትባት። የመርካቶዎቹ ላይ «ኢኤልኤም 327 ስሪት 1.5» የሚል ታያለህ። ቺፑን የፈጠረው የካናዳው ኩባንያ ስሪት 1.5 የሚባል ጨርሶ አልሠራም! የኤሌክትሪክ መኪና ረዥም መልእክት ሲልክላቸው ብዙዎቹ መሃል ላይ ይቆርጡታል፤ ከዚያ ሰው መኪናዬ ተበላሸች ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ኦቢዲሊንክ ወይም ቪሊንከር ካገኘህ እሱን ያዝ። አንብበህ ስትጨርስ ደግሞ ንቀላት፤ ተሰክታ ካደረች ትንሿን ባትሪ ልትመጥብህ ትችላለች።

ትንሿን ባትሪ ካነሳን አይቀር፣ የሚመጣ የሚሄደውን ቢጫ መብራት መጀመሪያ የምጠረጥረው ከእሷ ነው። ባለ 12 ቮልቷ ስትደክም አምስት ስድስት ሞጁሎች (የመኪናዋ ኮምፒውተሮች) በአንድ ጊዜ «ቮልቴጅ አነሰኝ» እያሉ ይከሳሉ። ኮዶቹን ከማጥፋትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። «ስካን አድርጌ አጠፋሁት» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ማስረጃውን አቃጥሎ ፖሊስ እንደሚጠራ ሰው ነው።

ለዋናው ባትሪ ከፍተኛውን የሴል ቮልቴጅና ዝቅተኛውን አይተህ ልዩነቱን ያዝ። መኪናዋ ቆማ 20 ሚሊቮልት አካባቢ ቢሆን እንቅልፍ አላጣም። 20 ከመቶ ላይ ሆና ስትነዳት አንዱ ሴል ብቻውን ወደ ታች የሚሮጥ ከሆነ ግን አሳየኝ። (ጎረቤትህ ቢዋይዲ ካለው በዚህ መለኪያ አታስፈራራው። የእነሱ ብሌድ ባትሪ ኬሚካሉ ሌላ ስለሆነ ቮልቴጁ መሃል ላይ ዝም ብሎ ይተኛል።)

አሁን ወደ ቋንቋው። የሻንሲ ቁጥሯን እይ። ክሮዝ ስለሆነች «ኤልኤፍቪ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የአውሮፓዋ አይዲ ፎር «ደብሊውቪጂ» ትላለች። ስማቸው አንድ ቢሆንም የስክሪናቸው ሶፍትዌር አንድ አይደለም፤ የአውሮፓውን በቻይናዋ ላይ እጭንልሃለሁ የሚልህን ሰው ሸኘው። ኦቢዲኢለቨን የኤስኤፍዲ ፈቃድ በራሱ በኩል ስለሚያመጣ ትናንሽ ኮዲንግ፣ ማለት መኪናዋ ውስጥ ያለውን ቅንብር መቀየር፣ ይሠራል። ሆኖም እንግሊዝኛው ስክሪኑ ውስጥ ከሌለ ኮዲንግ ከየትም አያመጣውም። ከመክፈልህ በፊት መሣሪያው ያለው ሰው በአንተው መኪና ላይ ሰክቶ ፈቃዱ እንደሚመጣ ያሳይህ።

ጽሕፈቱን ለምን እንደምፈራው ልንገርህ። ዓምና በክረምት የአንድ ደንበኛ መኪና ስክሪን ሶፍትዌር እየጫንኩ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ትልቁ ባትሪ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ ሸክሙ ሁሉ በ12 ቮልቷ ላይ ይወድቃል። እኔም አውቄ ቻርጀር አስሬላት ነበር። ቻርጀሩ የተሰካው ግን ግድግዳ ላይ ነው። ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩን አስነሳ ብዬ በረዳቴ ላይ ስጮህ የላፕቶፑ መስመር 63 ከመቶ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ በዚያው ቀረ። ሌላ ሞጁል ከቻይና እስኪመጣ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ጋራዤ ተቀመጠች፤ ሒሳቡንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። አሁን ቻርጀሩን ኢንቨርተር ላይ ካልሰካሁ ፊደል አልጽፍም። አንተም ቋንቋ የሚቀይርልህን ሰው ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት «መብራት ቢሄድስ?» በለው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። ያገለገለች ኒሳን ሊፍ ልገዛ ነው። ለእሷስ ምን ይሻላል?
ሄ.

መልስ፦ እህቴ፣ ለሊፍ ብዙ ማሰብ አያስፈልግሽም፤ ሊፍ ስፓይ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ፣ የ96ቱን ጥንድ ሴሎች ቮልቴጅ፣ ስንት ጊዜ በፈጣን ቻርጀር እንደተሞላች ጭምር ይነግርሻል። እስከ 2025 ሞዴል ድረስ የወጡት ሊፎች ባትሪ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሙቅ አገር የኖረችውን ከቀዝቃዛው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩት 12 መስመሮች ሙሉ ስለሆኑ ብቻ አትመኚ፤ በመሣሪያ ለጊዜው የሚያስመልሷቸው ሻጮች አሉ። ሻጩን ደግሞ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ አትጠብቀኝ በዪው። 20 ከመቶ አካባቢ ላይ ብታገኚያት ደካማው ሴል ቶሎ ፊቱን ያሳይሻል።