ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በተለይ ገና በቅርቡ ፎርክሊፍት ላይ የወጣችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ የጠዋቱን የምርመራ ቅጽ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምሞላው። ፍሬን፣ ራይት። ጎማ፣ ራይት። ሰንሰለት፣ ራይት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኗ ሥር መዳፍ የምታህል የዘይት ጠብታ አየሁ። «የትናንት ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስኳር ተሸክሜ ሳለ ማስቱን፣ ማለትም ዕቃ የሚሸከመው ሹካ የሚወጣ የሚወርድበትን የፊት ምሰሶ፣ የሚያዘነብለው የሃይድሮሊክ ቱቦ ፈነዳ። ማስቱ ወደ ፊት አጎነበሰ፤ 50 ኪሎ ጆንያዎቹ ተንሸራተው ወረዱ። ከፊት ቆሞ የነበረ አንድ ጫኝና አውራጅ እግሩ ተሰበረ። ካልሠራ የማይከፈለው የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ያውም የሁለት ልጆች አባት።

ማታ ቅጹን አውጥተው አሳዩኝ። «የዘይት መፍሰስ» ከሚለው አጠገብ «የለም» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዙሪያዋን ሳልዞር ማሽን አስነስቼ አላውቅም። መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ዘይት ካለ ከየት እንደመጣ እፈልጋለሁ፤ በእጄ ግን አልዳስስም። ግፊት ያለው ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ኢምንት ይመስላል፤ ቶሎ ካልታከመ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ቁራጭ ካርቶን አስጠግቼ ነው የማየው።

ቀጥሎ ሹካው። የሚታጠፍበትን ቦታ፣ ተረከዙን፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ውፍረቱ በ10 በመቶ ከሳሳ የመሸከም አቅሙ በ20 በመቶ ያህል ይወርዳል። 40 ሚሊሜትር የነበረው 36 ከደረሰ ይቀየር፤ «ትንሽ ይቆይ» አይባልም። የማስቱን ሰንሰለቶችም እዩ፤ አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ችግር አለ። ጣታችሁን ግን ማስቱ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ጎማውንና ብሎኖቹን፣ የባትሪውን ሽቦ እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ። ከዚያ ቀበቶ። ማሽን ሲገለበጥ ለመዝለል የሚሞክር ሰውን ብዙ ጊዜ የሚጨፈልቀው የራሷ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ቀበቶው መያዙን ጎትታችሁ አረጋግጡ። ካስነሳችሁ በኋላ ክላክሱን፣ ፍሬኑን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ መሪውን ሞክሩ። ባዶ ሹካ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሁሉም ተደምሮ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ለምትሠሩት ይህ በየቀኑ ግድ ነው። ማሽኗ ሌሊትና ቀን የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ መታየት አለባት፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የኦሻ ደንብ ነው። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 93 ሠራተኛው ያየውን የመሣሪያ ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህን አንቀጽ በቃላችሁ ያዙት። ጉድለት ስትናገሩ የታዘዛችሁትን እየፈጸማችሁ ነው፤ ማንም «አስቸጋሪ ልጅ» ሊላችሁ አይገባም።

ይሉአችኋል ግን። ውጭ መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩ ይጮኻል፣ ፎርማኑ «በናትህ አንድ ዙር ብቻ» ይላል። ለወጣት ከሁሉ የሚከብደው ይህች ሰዓት ናት፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ አልቻልኳትም። በትሕትና ተናገሩ፣ ማሽኗን ግን አታስነሱ። ያያችሁትን ብልሽት ቅጹ ላይ ከነሰዓቱ ጻፉ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ብልሽት አለባት፣ አትነሳም» የሚል ወረቀት መሪው ላይ ለጥፉ። ሹካውን መሬት አስነኩ። ቁልፉንም ነቅላችሁ ለኃላፊው በእጁ ስጡት። ማሽኗ ላይ ከተዋችሁት ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ መጥቶ ያስነሳታል።