ሞርፊን ከተጀመረ አበቃ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንት ተሰራጭቷል ተብለናል። ሌሊት ወገቧን ስለሚያማት አትተኛም። ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላት፤ ወንድሜ ግን «ሱስ ያስይዛታል፣ ይሄ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ነው» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። የበሽታውን ስም አልነገርናትም። ምግብም እምቢ ብላለች። ምን እናድርግ? (አስታማሚ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መድኃኒቱን ያውጡት። ከታዘዘ ሰንብቶ ከሆነ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይደውሉ እንጂ እናትዎ ሌላ ሌሊት በሕመም አይደሩ።

የወንድምዎን ፍርሃት ከብዙ ቤተሰብ እሰማዋለሁ። ሞርፊን የሚታዘዘው የሕመሙ ብርታት ታይቶ ነው፤ የቀረው ዕድሜ ተቆጥሮ አይደለም። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል ሲወሰድ ሱስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነት ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቦስተን የወጣ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና (ሕመምንና ጭንቀትን የሚያቃልል ክትትል) የተጨመረላቸው ኑሯቸው የተሻለ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜም 11.6 ወር ደረሰ፤ የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

የሚጠጣው ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪነሣ አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድብታ ይኖራል፤ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። እንደ ቢሳኮዲል ያለ አንጀትን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘ ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሞርፊኑን የሚተወው በዚህ ነው። ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ ግን ወዲያው ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። ለአጥንት ሕመም ጨረርም አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ መሰጠቱ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ የወገባቸው ሕመም በድንገት ከባሰ፣ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ቀጠሮ አይጠብቁ። ዕጢው ኅብለ ሰረሰራቸውን እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ካልደረሱ መራመድ ላይመለስላቸው ይችላል።

ምግቡን «አፈር ስሆን» እያላችሁ አታስጨንቋቸው። የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋው በሽታው ራሱ ነው። ባሰኛቸው ሰዓት ትንሽ አጥሚት ወይም ሾርባ ይቅረብላቸው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የበሽታው ስም መደበቁ ነው። እናትዎ ካንሰር ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው የዋሉ ሰው ናቸው፤ ሳይጠረጥሩ አይቀሩም። እናንተን ላለማስከፋት እሳቸው ዝም፣ እሳቸውን ላለማስደንገጥ እናንተ ዝም። ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» በሏቸው። አልፈልግም ካሉ ይከበርላቸው። ከፈለጉ ግን ለልጆቻቸው የሚሉት፣ የሚታረቁት ሰው፣ ለንስሐ አባታቸው የሚነግሩት ይኖራቸው ይሆናል፤ ለዚህ ጊዜው አይለፍባቸው። ፀበልም ካሰኛቸው ይሂዱ፤ መድኃኒታቸው ግን አይቋረጥ።

አዲስ አበባ ስላላችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ጠይቁ፤ ነርሶቹ ቤት ድረስ እየሄዱ ሕሙማንን ያያሉ።

እርስዎስ መቼ ተኙ? ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወንድምዎም ይምጡና ጥያቄያቸውን ራሳቸው ለሐኪሙ ያቅርቡ። ከዚያ ሌሊቱን በተራ አድርጉት፤ ወንድምዎ መጠኑን ለክተው ሲሰጡ እርስዎ ይተኙ።